የማሽንሽ ቀጭን ድምፅ

ውድ አክስቴ ሎርና፣

ስልክ ስትደውዪ ዝም ያልኩሽ ተቀይሜሽ አይደለም። ከሁሉ በፊት ይህን ልንገርሽ፤ ምክንያቱም እማዬ እንዳለችኝ «ጥያት ስለመጣሁ አኩርፋብኛለች» ብለሽ አዝነሻል። አላኮረፍኩም። ኦርክኒ ደሴት የሄድሽው አሣ አጥማጅ አግብተሽ ነው፤ አግብቶ የሄደ ሰው ደግሞ አይኮረፍበትም። ስልኩን የማላነሳበት ምክንያት ሌላ ነው። አፍ አውጥቼ መናገር ስላቃተኝ ነው የምጽፍልሽ። መጻፍ እንደማይሆንልኝ ታውቂያለሽ። ትምህርት ቤት ሳለሁ የጻፍኩት ረጅሙ ነገር ስለ ጥንቸሌ ነበር፤ እሱም አንድ ገጽ አልሞላም። ስለዚህ ቢዘበራረቅብሽ ታገሺኝ።

የምጠይቅሽም ነገር አለ። ስትሄጂ የተውሽልኝን ብረት ፈላጊ ማሽን አንድ ሰው ተቀብሎኝ በአዲስ ሊለውጥልኝ ይፈልጋል። የሚጎድለውን ከምሠራበት የእንቁላል ቤት ደመወዜ እሞላለሁ፤ እሱ አያሳስብሽ። የሚያሳስበኝ ማሽኑ ያንቺ መሆኑ ነው። እማዬ «ሰጥታሽ የለ እንዴ፤ ያንቺ ነው» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ግን መያዣው ላይ ያንቺ እጅ ፍቆ ያለሰለሰው ቦታ አለ፤ እኔም ስይዘው ጣቶቼ የሚያርፉት እዚያው ነው። ይህን እንዴት አድርጌ እንደ አሮጌ ብስክሌት አውጥቼ እሰጣለሁ? ሰውየው እስከ ቅዳሜ ቁርጡን ንገሪኝ ብሎኛል።

መጀመሪያ ማሳ የወሰድሽኝን ቀን አልረሳውም። የሚስተር ሮልስተን ስንዴ ታጭዶ ነበር፤ ከፈረሰችው ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ያለው ትልቁ ማሳ። ማዳመጫውን ስታደርጊልኝ ሰፍቶኝ አንገቴ ላይ ወረደ፤ ሻርፕሽን ፈተሽ ከላዩ አሰርሽልኝ። ከዚያ መያዣውን አስጨብጠሽኝ፣ ከታች ጫፉ ላይ ያለውን ሳህን ከመሬት ሳላርቅ እንደ ማጭድ ግራና ቀኝ እንዳወዛውዝ አሳየሽኝ። እኔ ዓይኔን መሬቱ ላይ ተክዬ ቀረሁ። «አትመልከቺ፤ አዳምጪ» አልሽኝ።

ያንቺ ማሽን ስክሪን የለውም። ከመሬት በታች ያገኘውን ሁሉ የሚናገረው በድምፅ ነው። ሚስማር እንደ ተኛ አሳማ ያንኮራፋል። እርሳስ የታፈነ ደወል ይመስላል። የመዳብ ድምፅ ክብ ነው። ብር ግን፣ በተለይ በድሮ ዘመን በመዶሻ እየተቀጠቀጠ ይሠራ የነበረው ስስ የብር ሳንቲም፣ እንደ ትንሽ ወፍ ነው፤ ቀጭን፣ አጭር፣ ካመለጠ የማይመለስ። «ብር የሚጠራሽ አንዴ ነው፤ ካልሰማሽው ሌላ ሰው ይጠራል» ትዪኝ ነበር። በዚያ ዓመት ብርዱ ሳይገባ ዓይኔን ጨፍኜ ሁሉንም ለየሁ። አንቺ ሚስማርና ሳንቲም እየደበቅሽ ትፈትኚኝ ነበር፤ ስትሸነፊ ደግሞ ደስ ይልሽ ነበር።

ትምህርት ቤት ምን እንደነበርኩ ታውቂዋለሽ። ከኋላ የምቀመጥ፣ ስጠራ ፊቴ የሚቀላ፣ የተጠየቅሁትን ትቼ ሌላ የምመልስ ልጅ። አስተማሪዎቹ «ልቧ እዚህ የለም» ይሉኝ ነበር። ማሳው ላይ ግን ማንም አይጠይቀኝም። የሚናገረው ማሽኑ ነው፤ እኔ የምመልሰው በመቆፈሪያ ነው። አንድ ነገር የምችል ሰው መሆኔን ያወቅሁት እዚያ ነው። የቀረውን ሁሉ የምታደርጊው አንቺ ነበርሽ። ሚስተር ሮልስተንን የምታስፈቅጂው አንቺ፣ እጁን የምትጨብጪው አንቺ፣ ያገኘነውን ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተሽ የምታሳዪው አንቺ፣ ቆርቆሮና ሽቦውን ባልዲው ውስጥ እየደፋሽ የምትቀልጂው አንቺ። እኔ ከኋላሽ ቆሜ የእሱን ውሻ እደባብስ ነበር።

ዘንድሮ ስንዴው እንደታጨደ ያላንቺ ገባሁ። ሚስተር ዴንቢ አብሮኝ ነበር፤ ያ ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር፣ ወሬው የማያልቅበት። አዲስ ማሽን ገዝቷል፤ ስክሪን ያለው፣ የሚታጠፍ፣ ዝናብ የማይፈራ። አንዱ በሌላው መስመር መግባት ነውር ስለሆነ እሱ አጥሩን ይዞ፣ እኔ መሃሉን ይዤ ስንሄድ ዋልን። የእሱ መስመር ሲያልቅበት «ካንቺ ኋላ ልከተልና የተረፈሽን ልልቀም» አለኝ፤ ደስ ይበልዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁለት። ጥቂት እንደሄድን ትከሻዬን ነካኝ። እጁ ላይ ስስ የብር ሳንቲም ነበረች፤ ፀጉሩ የተጠቀለለ ንጉሥ ያለባት። ያወጣት ከእኔ የእግር ዱካ ውስጥ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ቆመሽባት እኮ ነበር» አለ። «ጫማሽን አትመሽባት ነው የሄድሽው። ምን ታድርግሽ፣ ተነስታ ትሳምሽ?»

ከዚያ ሁለተኛ አገኘ፤ አሁንም ከእኔ መስመር። ሦስተኛዋን ሲያገኝ መቀለዱን ተወ። የባሰኝ ያ ነው። ሚስተር ዴንቢ መቀለድ ካቆመ ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው። ማሽንሽን ከላይ እስከ ታች አየውና «እኔ አውቶቡስ መንዳት ሳልጀምር የተሠራ ይመስላል፤ እኔን ጡረታ አስወጥተው እሱን ምነው ረሱት» አለ።

እኔም ማሽኑ ነው አልኩ። ያልኩትም ደስ ብሎኝ ነው። ማሽን ሲያረጅ ማንም አያፍርም።

በእኛ ሥራ ማሽኑን የተጠራጠረ ሰው ምን እንደሚያደርግ ያሳየሽኝ አንቺ ነሽ። ብረት ፈላጊ ሁሉ በጓሮው የቀበራት አንዲት ሳንቲም አለችው፤ ማሽኑ ታሟል ብሎ ሲያስብ ሄዶ በእሷ ላይ ያሳልፈዋል። ያንቺ ሳንቲም ከጎመኑ መደብ ጫፍ፣ ለምልክት ከተከልሻት እንጨት ሥር ናት። በማግስቱ ሄጄ ሳህኑን አሳለፍኩባት። ዝም። ዞሬ በሌላ በኩል አሳለፍኩ። ዝም። ባትሪ ለወጥኩ። ፍልፈል ወስዷት ይሆናል ብዬ ቆፈርኩ፤ ሳንቲሟ እዚያው ተኝታለች፣ ምንም ያልሆነች። መልሼ ቀበርኳትና ማሽኑ ሞተ ብዬ ጎመኑ መሃል ተቀምጬ አለቀስኩ። እማዬ በመስኮት አይታኝ ወጣች። የሆነውን ስነግራት፣ ጎረቤት ለቅሶ ሊደርሰን ይመጣል፣ ተነሺ፣ ብላ ሻይ አፈላችልኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ።

ማሽኑን ሊለውጥልኝ ያለውን ሰው፣ ሚስተር ኦክስቢን፣ አታውቂውም፤ ሥራውን የጀመረው አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው። ከከተማው ዳር፣ ከቤቱ ጀርባ ባለ የእንጨት መጋዘን ውስጥ አሮጌ ማሽን ይጠግናል፣ አዲስ ይሸጣል። ብዙ አይናገርም፤ ብቻዬን ልሄድ የደፈርኩትም ለዚህ ነው። ማሽንሽን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጠው ፊቱ በራ። እንዲህ ያለው ዛሬ እንደማይገኝ፣ የያዘውም ሰው እጁ ጥሩ እንደሆነ ነገረኝ። የአክስቴ ነው አልኩት። ማዳመጫውን አደረገና ከኪሱ አንዲት የብር ሳንቲም አውጥቶ በሳህኑ ላይ ወዲያና ወዲህ አሳለፋት። ፈገግ አለ።

«ይኸ ምን ሆነና ነው ያመጣሽው?» አለኝ። «ይዘምራል እኮ።»

ማዳመጫውን አውልቆ ለእኔ አደረገልኝ። እጁን በሳህኑ ላይ አሳለፈ። እጁ ሲያልፍ አየሁ፤ ምንም አልሰማሁም። ቅንድቡን ከፍ አድርጎ አየኝ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁና አዎ፣ ይዘምራል አልኩት።

ከዚያ እጁን እንደገና አሳለፈ፤ እኔም እንደገና ራሴን ነቀነቅሁ። ይኼኔ መዳፉን ዘረጋልኝ። ባዶ ነበር። ሳንቲሟ ጠረጴዛው ላይ ናት።

«ወንድሜም እንዲህ ነበር ራሱን የሚነቀንቀው» አለኝ። «ዕድሜውን በትራክተር ጩኸት መሃል ጨርሶ።»

አክስቴ፣ ከዚያ መጋዘን ሮጬ ልወጣ ነበር። ያልወጣሁት ማሽንሽ ጠረጴዛው ላይ ስለነበር ብቻ ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባል የለ? እኔም ሆዴ ያውቅ ነበር። እማዬ ማንቆርቆሪያው እየጮኸ ዝም ብለሽ ታዪዋለሽ ስትለኝ አውቅ ነበር። ሚስተር ሮልስተን አፏጭቶ ውሻው ሲሮጥ፣ ፉጨቱን ሳልሰማ ሩጫውን ብቻ ሳይ አውቅ ነበር። ወፎቹንማ ጠፉ ብዬ ነበር። ቴሌቪዥኑ ወፎች እየቀነሱ ነው ሲል እውነት ነው፣ እኛም ዘንድ ቀንሰዋል፣ አልኩ። አልቀነሱም። ያንቺም ድምፅ በስልክ ሲመጣ ቃላቱ ጫፍ ጫፋቸውን የተቆረጡ ይመስላሉ፤ አንቺ ደግሞ ስትደሰቺ ትፈጥኛለሽ። ሦስቴ ምን አልሽ ካልኩሽ በኋላ አራተኛውን መጠየቅ አፈርኩ። ስለዚህ ማንሳቱን ተውኩት። ይኸው ነው፤ ሌላ ምንም የለም።

ለምን እንዳፈርኩ ግን አንቺ ከማንም በላይ ትረጂዋለሽ። አባትሽ፣ አያቴ፣ ጆሮው ከደከመ በኋላ ጨው ሲጠየቅ ሰዓት እንደሚናገር ሁላችንም እየነገርን ስንስቅ ኖረናል። እኔም ስቄያለሁ። መጀመሪያ መጠጥ ቤት መሄድ ተወ፣ ከዚያ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ገበታ። መጨረሻ ላይ ጓሮ ባለችው ጎጆ ውስጥ ነበር የሚውለው። አኮርዲዮኑን ግድግዳው ላይ ሰቅሎ፣ እሱ አይነካው፣ ሰው አያስነካው። ሲሞት ስናወርደው ሆዱን አይጥ በልቶት ነበር። ማዳመጫው ራሴ ላይ ሆኖ፣ የሚስተር ኦክስቢን ባዶ እጅ እያየሁ ያሰብኩት ያችን ጎጆ ነው። ጎጆዋን ያየኋት ባዶዋን አይደለም፤ እኔ ተቀምጬባት ነው።

ሚስተር ኦክስቢ አላዘነልኝም። ቢያዝንልኝ ኖሮ አለቅስ ነበር። ከግድግዳው አንዱን አዲስ ማሽን አወረደና ቁልፉን እየተጫነ ብዙ ቆየ፤ ከዚያ ማዳመጫውን ቀየረልኝ። ሳንቲሟን መዳፉ ላይ አሳየኝ፤ ጨበጣት፤ አሳለፋት። ደረቴ ድረስ የወረደ ወፍራም ድምፅ ሰማሁ። መያዣውም እጄ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ደንግጬ ልጥለው ነበር።

«ይኸኛው ብርን በፈለግሽው ድምፅ እንዲጠራልሽ ታዝዢዋለሽ» አለኝ፤ ፊት ለፊቴ ቆሞ፣ ዝግ ብሎ። «ያ ግን አንድ ድምፅ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ያም ካንቺ ጆሮ ወጥቷል። ማሽኑም ጤነኛ ነው፣ አንቺም ሞኝ አይደለሽም። አልተገጣጠማችሁም፤ ይኸው ነው።»

ከዚያ በፊት እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም። ሞኝ አይደለሽም ማለቱን ነው የምልሽ።

አዲሱን እስከ ሰኞ ይዤው እንድሄድ ፈቀደልኝ። ሲፈቅድም አንድ ነገር አለኝ፤ ልክ እንዳንቺ ማሽን ያለውን የሚፈልግ ደንበኛ አለው። ፒያኖ የሚቃኝ ሰውዬ ነው፤ ቁጥር እያየሁ መሬት መቆፈር አልፈልግም፣ በድምፅ ብቻ የሚናገር ፈልግልኝ ብሎት ቆይቷል። የፊታችን ቅዳሜ ይመጣል። ለዚህ ነው የቸኮልኩት።

ለእማዬ የነገርኳት በዚያው ቀን ነው። ምጣዱን እያጠበች ነበር። ጀርባዋን ሰጥታኝ አንድ ነገር አለችኝ፤ አልሰማሁትም። እንደወትሮው እሺ ልላት አፌን ከፈትኩና «እማዬ፣ አልሰማሁሽም፤ ጆሮዬ አይሰማም» አልኳት። ዞረች። እጇ እየተንጠባጠበ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ስንት ዓመት ሙሉ «አትሰሚም እንዴ?» እያለች ትጮህብኝ የኖረችው እሷ ናት፤ አንድ ቀን እንኳ መልሱን ጠብቃ አታውቅም። መጀመሪያ አለቀሰች። ቀጥሎ ተናደደች፤ በእኔ ነው፣ በራሷ ነው፣ በአያቴ ነው፣ አላወቅሁም። መጨረሻ ላይ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ።

ጆሮዬን ተመርምሬያለሁ። በጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀምጠውኝ ድምፅ ስሰማ ቁልፍ እንድጫን ነገሩኝ። ሥራውን የማውቀው መሰለኝ፤ ከማሳው ጋር አንድ ነው። የመረመረችኝ ሴት ወረቀት ላይ መስመር ስላ አሳየችኝ፤ በወፍራሙ ድምፅ በኩል ሜዳ ነው፣ ወደ ቀጭኑ ሲሄድ ቁልቁለት። ከቤተሰብ የሚወረስ ሳይሆን አይቀርም አለች። ጆሮ ላይ የሚደረግ ትንሽ መርጃ ታዞልኛል፤ ሁሉን አይመልስም፣ ብዙውን ግን ይመልሳል ብላኛለች። እማዬ ደግማ ደጋግማ ጠየቀቻት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእኔን ጆሮ እማዬ ከእኔ በላይ ወዳጅ አድርጋዋለች።

እሑድ ዕለት አዲሱን ማሽን ይዤ ወጣሁ። ሚስተር ሮልስተን ሰኞ ሊዘራ ስለነበር የመጨረሻው ቀን ነው። መጀመሪያ ማሽኑን ጠላሁት። ቁጥሩ ስክሪኑ ላይ ይዘላል፣ ዓይኔ ይከተለዋል፣ እግሬ ይደናቀፋል። ብርን እንደ በሬ ሲያገሳ መስማትም ነውር ነገር ይመስላል። እየተናደድኩ የቢራ ቆርቆሮ መክፈቻዎች፣ አንድ የእርሳስ ቁራጭ፣ አንድ የኮት ቁልፍ አወጣሁ። ከዚያ ስክሪኑን በመሀረብ ሸፈንኩት። አትመልከቺ፤ አዳምጪ ያልሽውን አደረግሁ። ቀስ በቀስ ሚስማሩን ከእርሳሱ፣ እርሳሱን ከመዳቡ መለየት ጀመርኩ። ቋንቋው ሌላ ነው እንጂ የሚያወራው ያንኑ ነው። አንድ ቋንቋ የተማረ ሰው ሁለተኛውን ይማራል፤ ትምህርት ቤት አልሆነልኝም እንጂ።

ከማሳው ታችኛው ጫፍ፣ ውሃ ከሚቋጥርበት ቦታ ላይ፣ ያ ወፍራም ድምፅ መጣ። አጭር ነበር። መያዣውም እጄን አንዴ ነክቶ ተወው። ተንበርክኬ ቆፈርኩ። የወጣችው የተቆረጠች ግማሽ ሳንቲም ናት፤ ድሮ ለመልስ ለሁለት የሚሰነጥቋት። ከአውራ ጣቴ ጥፍር አትበልጥም። የመስቀሏ አንድ ክንድ ይታያል። ለረጅም ጊዜ ከተቀበረችበት የሰማኋት እኔ ነኝ አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ ከሳንቲሟ በቀር የሰማኝ የለም ብዬ።

ሚስተር ዴንቢ ግን መጥቶ ኖሯል። በጎኔ ቆሞ ያወራል፤ ከንፈሩን በከፊል አየዋለሁ፣ ቃሉን አላገኘውም። ፊቴ ሲቀላ ተሰማኝ። ግን ከእማዬ ጋር አንዴ ስለወጣ ሁለተኛው ቀለለኝ።

«ሚስተር ዴንቢ» አልኩት፣ «ጆሮዬ በደንብ አይሰማም። ሲያወሩኝ ፊት ለፊቴ ይሁኑልኝ።»

ከዚያ ዞሮ መጥቶ ፊት ለፊቴ ቆመ፤ ባርኔጣውንም ወደ ኋላ ገፋ አደረገ።

«እኔ ማውራት ስጀምር ሰው ፊቱን አዙሮ ነው የሚሄደው» አለኝ። «ፊት ለፊቴ ሁነህ አውራ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ባለቤቴም እንኳ አላለችኝም፤ የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ። ኋላ ግን እንዳይቆጭሽ።»

ስለ ማሽንሽ ብዙ አሰብኩ። ሁለቱንም ልያዝ ብዬም ነበር። ሚስተር ኦክስቢ ጥቂት ወራት ቢጠብቀኝ አጠራቅሜ ያለ ልውውጥ አዲሱን ልገዛ እችል ነበር፤ ያንቺን ከደረጃው ሥር ካለው ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጬ፣ አልፎ አልፎ አውጥቼ መያዣውን ልይዘው። እንዲህ እያሰብኩ ሳለሁ ነው የአያቴ አኮርዲዮን ትዝ ያለኝ። ለእኔ ዝም ያለ ሁሉ ለሰውም ዝም ይበል ማለት ልክ አይደለም። ማሽንሽ አልሞተም፣ አልታመመምም፤ ይዘምራል። የሚዘምር ነገር ደግሞ የሚሰማው ሰው ዘንድ መሆን አለበት። ፒያኖ የሚቃኘው ሰውዬ አንድ ጊዜ የምትጠራውን ያችን ወፍ ይሰማታል። እኔ ደግሞ የራሴን በሬ እሰማለሁ።

አዲሱም ቢሆን ለዘለዓለም አይደለም። ሚስተር ኦክስቢ አልዋሸኝም፤ ጆሮዬ ከዚህ በታች ሊወርድ ይችላል። ያኔ ድምፁን ደግሞ ዝቅ አደርገዋለሁ። ከዚያም ካለፈ እጄ ላይ የሚንቀጠቀጠው አለ። የፈራሁት ነገር አንድ ቀን ድንገት በሩ ይዘጋል የሚለው ነበር። ለካ ቁልቁለት ነው፤ በቁልቁለት ደግሞ እየተጠነቀቁ ይወረዳል።

ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት ላስፈቅድሽ ነበር። እዚህ ስደርስ የማስፈቅድሽ ነገር እንደሌለ አየሁ፤ እየነገርኩሽ ነው። ቅዳሜ እለውጠዋለሁ። መያዣው ላይ ያለውን ለስላሳ ቦታ ለሰውዬው አሳየዋለሁ፤ ጣቱን የት እንደሚያሳርፍ ይወቅ። አንቺም እንደማትቀየሚኝ አውቃለሁ፤ ቢከፋሽ ግን ንገሪኝ፣ አትደብቂኝ። ስትደውዪልኝም አነሳለሁ። ዝግ ብለሽ፣ በወፍራሙ አውሪኝ፤ መርጃው እስኪመጣልኝ ባልሽ ይደውልና መልእክትሽን እሱ ይናገር ብዬም አስቤ ነበር። አሣ አጥማጅ ድምፁ ወፍራም ነው ትላለች እማዬ።

ትናንት ከሥራ ስወጣ እማዬ የጋገረችውን ዘቢብ ያለበት ዳቦ ይዤ ሚስተር ሮልስተን ቤት ሄድኩ። ግማሿን ሳንቲም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። መነጽሩን አድርጎ ብዙ አገላበጣት፤ ሌላውን ግማሽ ማን ይዞት ሄዶ ይሆን አለ። ትልቁ ማሳ ተዘርቷል፤ እስከሚቀጥለው አጨዳ አይገባበትም። እኔ ደግሞ የሄድኩበት ጉዳይ ነበረኝ። ሌላ ጊዜ ይህን የምትጠይቂው አንቺ ነበርሽ። በታችኛው የበጎች ግጦሽ መስክ ላይ እንድፈልግ ይፈቅዱልኝ እንደሆነ ጠየቅሁት። ተነስቶ ወደ መስኮቱ ሄደና ውጭውን እያየ መለሰልኝ። አልሰማሁትም። እሺ ይሁን፣ እምቢ ይሁን፣ ከጀርባው ማወቅ አልቻልኩም። ድሮ ቢሆን አመስግኜ እወጣ ነበር፤ እሺ ብሎኝ ከሆነም ሳላውቀው ይቀር ነበር።

«ሚስተር ሮልስተን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩት። «አልሰማሁም። ዞር ብለው ይድገሙልኝ።»

ዞረ። መነጽሩን አወለቀ። ውሻው ከጠረጴዛው ሥር ብድግ እስኪል ድረስ ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመልኝ። በጎቹ በኅዳር ይወጣሉ፣ ከዚያ በኋላ ግቢበት፣ ጉድጓድሽን ድፈኚ፣ መዝጊያውን ዝጊ፣ ነው ያለው። ከዚያ እጁን ዘረጋልኝ። ይህን ያህል ሸካራ እጅ እንዳለው አላውቅም ነበር፤ ነግረሽኝ አታውቂም። ጨበጥኩት።

አክስቴ፣ እስከዚያ ደህና ሁኚልኝ፤ ባልሽንም ሰላም በዪልኝ። ከታችኛው ግጦሽ የማገኘውን የመጀመሪያ ነገር፣ የቆርቆሮ መክፈቻም ቢሆን፣ በፖስታ እልክልሻለሁ።

ኅዳርን የምትጠብቀው፣
ብራዮኒ